«ቼክ»፦ የአንድ ቃል ጉዞ ከሰንጠረዥ ገበታ እስከ ንድፍ ወረቀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአንድ የግንባታ ቦታ ከጧት እስከ ቀትር የሚነገረውን ንግግር በጥሞና ላዳመጠ ሰው፣ ደጋግመው ከሚሰሙት ባዕዳን ቃላት አንዱ «ቼክ» የሚለው ነው። ፎርማኑ ብረት አሳሪውን «ቼክ አድርገኸዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የቧንቧ ሠራተኛው ከዕቃ ግምጃ ቤት «ቼክ ቫልቭ» እንዲወጣለት ቅጽ ይሞላል። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ክፍያው የዘገየበትን ተቋራጭ «ቼኩ ተፈርሞ እስኪወርድ ጥቂት ታገሥ» ይለዋል። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ከሌሎቹ ጋር አንድ ቃል እንደሚጋራ ልብ አይልም። ልብ ባለማለቱም አይፈረድበትም፤ የቃሉ ባለቤቶች ናቸው የሚባሉት እንግሊዞች እንኳ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲናገሩት የአንድ ንጉሥ የማዕረግ ስም እየጠሩ መሆናቸውን አያስታውሱም።

የቃል ታሪክ የሰዋስው ሊቃውንት ድርሻ እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በሙያው ውስጥ ከዚህ ቃል በታች በየቀኑ ፊርማ ይፈረማል፤ ፊርማውም የሰው ሕይወት የሚመካበት ነው። ፈራሚው የፈረመበትን ቃል ትርጉም ማወቁ ስለዚህ ከትርፍ ዕውቀት የሚቈጠር አይሆንም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ምንጭ የሰንጠረዥ ጨዋታ ነው። ጨዋታው በሕንድ አገር በ6ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የታወቀ ሲሆን፣ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ይባል ነበር። ትርጉሙ «አራት ክፍል ያለው» ማለት ነው፤ አራቱም የጥንቱ ሠራዊት ክፍሎች፣ ማለትም እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ጨዋታው ወደ ፋርስ በተሻገረ ጊዜ ስሙ «ቻትራንግ» ሆነ፤ ዐረቦች ፋርስን በ7ኛው ምዕተ ዓመት ድል ካደረጉ በኋላም «ሻትራንጅ» ብለው ወሰዱት። በፋርስ ቋንቋ ንጉሥ «ሻህ» ነው። አንዱ ተጫዋች የሌላውን ንጉሥ በሚያሰጋ ቦታ ላይ ጦሩን ሲያሳርፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ሻህ!» ብሎ ድምፁን ያሰማል። «ንጉሥህን ጠብቅ» እንደ ማለት ነው። ጨዋታው በዐረቦች በኩል ወደ እስፓኝና ወደ ኢጣሊያ፣ ከዚያም ወደ ቀረው አውሮፓ ሲዛመት ይህ ጩኸት አብሮ ሄደ። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ስካኩስ»፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ»፣ በእንግሊዝኛ «ቼክ» ሆነ። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ስም «ቼዝ» ራሱ የዚሁ ቃል የብዙ ቍጥር ነው። ጀርመኖች «ሻኽ»፣ ኢጣሊያኖች «ስካኪ»፣ ሩሲያውያን «ሻህማቲ» ይሉታል፤ ሁሉም ጨዋታውን የሰየሙት በተጫዋቹ ጩኸት ነው።

የጨዋታው ፍጻሜ የሚታወጅበት «ሻህ ማት» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይመስልም። በዐረብኛ «ማተ» ማለት ሞተ ማለት ነው፤ የአማርኛው «ሞተ» እና የዐረብኛው ቃል ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ዘመዳሞች ናቸውና ሐረጉን «ንጉሥ ሞተ» ብሎ ለመፍታት ማንም ሰው ይቸኩላል። ዐረቦችም የተረዱት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን የፋርስ ቋንቋ ዐዋቂዎች «ማት» በፋርስኛ መውጫ ያጣ፣ ግራ የገባው፣ ባለበት የቀረ ማለት መሆኑን ያስረዳሉ። ከጨዋታው ሕግ ጋር የሚስማማውም ይኸኛው ፍች ነው፤ በሰንጠረዥ ንጉሥ ከገበታው ላይ ተገድሎ አይነሣም፤ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ጨዋታው ባለበት ይቆማል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ከአብዛኛዎቹ የአውሮፓ አገሮች የተለየ ነው። አውሮፓውያኑ ጩኸቱን ሲይዙ፣ በኢትዮጵያ የቀረው የጨዋታው ስም ነው። «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ያው የዐረቦቹ «ሻትራንጅ» ነው። በዚህ ረገድ ከአውሮፓ የሚመስሏት በዐረቦች አገዛዝ ሥር የነበሩት የእስፓኝና የፖርቱጋል ሕዝቦች ናቸው፤ እነርሱም «አሄድሬዝ» እና «ሻድሬዝ» በማለት ጨዋታውን የሚጠሩት በስሙ እንጂ በጩኸቱ አይደለም። (ፖርቱጋሎች በዚሁ ቃል ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ያለውን ጨርቅም ይጠሩበታል፤ በመንደር ንግግራቸው ደግሞ እስር ቤትን። የብረት መዝጊያውን ያየ ምክንያቱን አያጣውም።) በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ መጫወት የሚወዱ መሆናቸውን ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ከዚህ ጥናት ሁለት ነገሮች ለዛሬው ርእስ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ገበታ እንደ አውሮፓው በጥቁርና በነጭ የተዥጐረጐረ አልነበረም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነበር። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ጊዜ ነበረ፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ ሌላውን ሳያዳምጥ፣ የመጀመሪያው ጦር እስኪማረክ ድረስ እንደ ፈቀዳቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ንግግሩ በኋላ ይመለሳል።

አሁን መጤን የሚገባው፣ ጩኸቱ በጨዋታው ውስጥ ያለው ኀይል ነው። «ቼክ» የተባለ ተጫዋች ያሰበውን ሁሉ ትቶ ለዚያ ጥሪ መልስ ሊሰጥ ይገደዳል። ወይ ንጉሡን ያሸሻል፣ ወይ በመካከል ጦር ያቆማል፣ ወይ አስጊውን ይማርካል፤ ከነዚህ ውጭ የሚደረግ እንቅስቃሴ በሕግ አይፈቀድም። እንግሊዝኛው ቃል ከገበታው ወጥቶ በሕዝብ አፍ ሲገባ ይዞ የወጣው መጀመሪያ ይህንኑ የመግታት ትርጉም ነበር። ፈረስን በልጓም ሳብ አድርጎ ማቆም «ቼክ» ተባለ። አዳኝ ውሾች ሽታ ጠፍቶባቸው ሲቆሙም እንዲሁ ተባለ። በጦር ሜዳ የገሠገሠ ጠላት መንገድ ሲዘጋበትም ቃሉ ይኸው ነው። አማርኛ ለዚህ የራሱ የሆነ ቃል አለው፤ «ገታ» የሚለው ነው። ልጓም የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ቁጣንም ሆነ ወንዝን ለመግታት የሚነገር ቃል ነው። ፈረንሳዮች ግን ከዚያው ጩኸት ሌላ መንገድ ያዙ። በእነርሱ ቋንቋ «ኤሼክ» ማለት ዛሬ ውድቀት፣ አለመሳካት ማለት ነው። ከአንድ ቃል አንዱ ሕዝብ ውድቀቱን፣ ሌላው ሕዝብ ከውድቀት የሚያድነውን ምርመራ አወጣ፤ የቋንቋ ነገር እንዲህ ነው።

ታዲያ መግታት ብቻ የነበረው ቃል እንዴት መመርመር ሆነ? መልሱ በገንዘብ ቤት ይገኛል።

በ12ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ የዳግማዊ ሄንሪ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል፣ የመንግሥቱን የሒሳብ አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ በጥያቄና መልስ መልክ ጽፎ ትቷል። በዚያ መጽሐፍ እንደ ተገለጸው ሒሳቡ የሚሠራበት ጠረጴዛ ርዝመቱ 10 ጫማ ያህል፣ ወርዱ 5 ጫማ ያህል ነበር፤ የተቀመጠበት ነገር እንዳይወድቅም ዙሪያውን አራት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ ነበረው። በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። መስመሮቹ ዓምዶች ይሠራሉ፤ በመጀመሪያው ዓምድ ፔኒ፣ በሁለተኛው ሽልንግ፣ በሦስተኛው ፓውንድ፣ ቀጥሎም ሃያ ሃያው፣ መቶ መቶው፣ ሺህ ሺሁ፣ እልፍ እልፉ ፓውንድ ይቈጠራል። ከየአውራጃው ግብር ሰብስበው የሚመጡት ሸሪፍ የተባሉ ሹማምንት በጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣሉ። የሚጠበቅባቸው ዕዳ በላይኛው በኩል በመቁጠሪያ ሳንቲም ይደረደራል፤ ያስገቡት ገንዘብ ከበታቹ ይደረደራል፤ ከዚያም አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ሁሉ ነገር በዓይን ስለሚታይ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሹም እንኳ ምን ያህል እንደ ጐደለበት ሊከታተል ይችል ነበር።

ጨርቁ የሰንጠረዥ ገበታ ስለሚመስል መሥሪያ ቤቱ «ስካካሪየም» ተባለ፤ ይኸውም «የሰንጠረዥ ገበታ ያለበት» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህን «ኤክስቼከር» አድርጎታል፤ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ፊትዝኒል ሌላም ምክንያት ይጨምራል፤ በሰንጠረዥ ላይ ሁለት ነገሥታት እንደሚዋጉ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይም ገንዘብ ያዡና ሸሪፉ ይዋጋሉ፤ ሌሎቹ ተቀምጠው ይፈርዳሉ ይላል። ሒሳብ ማወራረድ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የገለጸ የሒሳብ ዐዋቂ ቢኖር ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። እንግሊዞች ከጨዋታው ገበታ ተነሥተው የቍጥር መደርደሪያቸውን እንደ ሰየሙ ሁሉ፣ በአማርኛም «ሰንጠረዥ» ማለት በዓምድና በመስመር የተከፈለ የቍጥር ዝርዝር ማለት ሆኗል። መሐንዲስ የብረት ክብደት የሚያነብበት፣ የዝናብ መጠን የሚመዘግብበት፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ የሚሞላበት ሠሌዳ ሁሉ ሰንጠረዥ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ተማክረው ያደረጉት አይደለም፤ ገበታውን ያየ ዓይን ወደ አንድ ሐሳብ መርቷቸዋል። እንዲያውም መስመር ብቻ ያለው የኢትዮጵያው ገበታ ከተዥጐረጐረው የአውሮፓው ይልቅ የዛሬውን የቍጥር ሰንጠረዥ ይመስላል። በአሜሪካ «ቼከርስ» የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ዳማ ተብሎ የሚታወቀው ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዥጕርጕር ገበታ ነው።

የገንዘብ ቤቱ ሥራ በጨርቁ ላይ ብቻ አላበቃም። ለከፈለ ሰው ደረሰኝ ሆኖ የሚሰጠው የተቀረደደ በትር ነበር። ቅርድዱ የገንዘቡን ልክ ያሳያል፤ የሺህ ፓውንድ ቅርድድ የመዳፍ ውፍረት ያህል፣ የመቶው የአውራ ጣት፣ የሃያው የትንሿ ጣት፣ የአንድ ፓውንድ ደግሞ የበሰለ የገብስ ፍሬ ያህል ነበር። በትሩ ከተቀረደደ በኋላ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ለከፋዩ፣ ግማሹ ለገንዘብ ቤቱ ይቀራል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ስንጣቂዎች ይገጠማሉ። ማንም ብቻውን ቅርድድ መጨመር አይችልም፤ ሁለተኛው ስንጣቂ ይመሰክርበታልና። (ይህ አሠራር እስከ 1826 ከቆየ በኋላ የተጠራቀመው የበትር ክምር በጥቅምት 1834 በምክር ቤቱ የማሞቂያ እቶን ውስጥ እንዲቃጠል ታዘዘ። እቶኑ ከመጠን በላይ ጋለና የእንግሊዝ ምክር ቤት ሕንፃ አብሮ ነደደ። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ማጭበርበርን ሲገታ የኖረ ዕንጨት፣ በመጨረሻው ቀን የሚገታው አጣ።)

የምርመራ ትርጉም የተወለደው ከዚህ ዓይነት አሠራር መካከል ነው። አንድ ሒሳብ ከሌላ ሒሳብ ጋር እየተገናዘበ ስሕተት ወይም ማታለል ሲገኝ ይገታል፤ ማገናዘቡም ራሱ «ቼክ» መባል ጀመረ። ይህ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የባንኩም ቼክ ታሪኩ እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ቃሉ የተነገረው ስለሚከፈለው ወረቀት ሳይሆን፣ ተቈርጦ በደብተሩ ላይ ስለሚቀረው ጉራጅ ነበር፤ የማጭበርበር መግቻው እርሱ ነበረና። የእንግሊዝ ባንክ በ1717 የታተመ ቅጽ በልዩ ወረቀት ላይ ማውጣት የጀመረው ለዚሁ ዓላማ ነው። በጊዜ ብዛት ስሙ ከጉራጁ ወደ ወረቀቱ ተላለፈ። እንግሊዞች ኤክስቼከርን በማሰብ አጻጻፉን ለወጥ ሲያደርጉት፣ አሜሪካኖች በቀድሞው አጻጻፍ ቀሩ። አሜሪካኖች በዚህ አላበቁም፤ የምግብ ቤት ሒሳብንም «ቼክ» ይሉታል፤ በመጠየቂያ ላይ የሚደረገውን የራይት ምልክትም «ቼክ» ይሉታል። ለዋሽንግተን እንግዳ የሆነ ኢትዮጵያዊ፣ አስተናጋጁ ስለ ቼክ ሲያነሣበት የባንክ ደብተሩን ቢያስብ አያስገርምም። በአማርኛ ፊደል «ቼክ» ተብሎ የሚጻፈው የመካከለኛው አውሮፓ ሕዝብ ስም ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የፊደል አጋጣሚ ነው።

አማርኛው «ቁጥጥር» ከ«ቈጠረ» መውጣቱ በዚህ አንጻር ልብ ሊባል ይገባል። ፈረንሳዮች «ኮንትሮል» የሚሉት ቃል ከ«ተቃራኒ ጥቅል» የመጣ ነው፤ ይኸውም አንዱ ጸሐፊ የያዘውን የብራና መዝገብ ለማመሳከር ሌላው ጸሐፊ ለብቻው የሚይዘው ሁለተኛ መዝገብ ነበር። አንዱ የቈጠረውን ሌላው ሲቈጥረው ቁጥጥር ይሆናል። የቈጠረው ሰው ራሱ ደግሞ ቢቈጥረው ድጋሚ እንጂ ቁጥጥር አይደለም።

በመንግሥት አስተዳደርም ቃሉ ሥፍራ አግኝቷል። ሥልጣን ሥልጣንን ይግታ የሚለው የሞንቴስኪዩ ሐሳብ በ1748 ታትሞ ሲወጣ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች በ1787 የተመሩበትን መርሕ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ይህ ግን ለሕግ ሰዎች የሚተው ጉዳይ ነው።

ወደ መሐንዲሱ ሥራ ሲመጣ፣ ሁለቱ ትርጉሞች፣ መግታትና መመርመር፣ ጐን ለጐን ይኖራሉ። ቼክ ቫልቭ የመጀመሪያውን ትርጉም ሳያጐድል የጠበቀ ዕቃ ነው። ከሸለቆ ጕድጓድ ወደ ኮረብታ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ መብራት ድንገት ሲጠፋበት በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፓምፑንም ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። በቫልቩ ውስጥ ያለችው ምላስ ውሃው ወደ ፊት ሲሄድ ትከፈታለች፤ ሊመለስ ሲቃጣ ትዘጋለች። ምላሷ ዝጋ ተከፍታ ከቀረች ቫልቩ በቦታው አለ፣ በዕቃ ዝርዝሩም ተመዝግቧል፤ ነገር ግን የቧንቧ ቍራጭ ከመሆን አያልፍም። ዘግይታ ከተዘጋችም የተመለሰው ውሃ በኀይል ሲመታት የሚፈጠረው ግፊት ቧንቧ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጥሩ ቼክ ቫልቭ የሚባለው የሚዘጋ ብቻ ሳይሆን በጊዜው የሚዘጋ ነው።

በአፈር ጥበቃ ሥራ «ቼክ ዳም» የሚባለውን የኢትዮጵያ ገበሬና የእርሻ ባለሙያ «ክትር» ይለዋል፤ ከባዕዱ ቃል እጅግ የተሻለ ነው። በቦረቦር ውስጥ ድንጋይ ተደርድሮ ይሠራል። ውሃውን ፈጽሞ አያቆመውም፤ ግልቢያውን ይገታል፤ የተሸከመውን ደለልም ያስቀምጠዋል። ከአንዱ ክትር እስከ ሌላው ያለው ርቀት የሚወሰነው የታችኛው አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በደለል ሲሞላ ቦረቦሩ ደረጃ በደረጃ ይሆናል። አንዱ ክትር ቢደረመስ የሚመጣው ውሃ ሁሉ በሚቀጥለው ላይ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ካልገታ ከታች ያለው ብቻውን አይችልም።

የንድፍ ወረቀት ግን የሚያሳስበው ስፍራ ነው። በእያንዳንዱ የሥራ ሥዕል ግርጌ፣ በስተ ቀኝ በኩል፣ በትናንሽ ሣጥኖች የተከፈለ ሰንጠረዥ አለ። የነደፈው፣ የሳለው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው ተብሎ ይጻፍበታል። በእንግሊዝኛ ሦስተኛው ሣጥን የሚጠራው በዚሁ በ«ቼክ» ነው። አማርኛው «የመረመረው» ብሎ ሲተረጕም አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ብቻ ወስዶ፣ የቀደመውን፣ የመግታቱን፣ ትቶታል። መርማሪው አይቶ የሚያልፍ ሰው መስሎ ይታያል። በሰንጠረዥ ጨዋታ ውስጥ ግን ቼክ ከተባለ በኋላ መልስ ሳይሰጥ የሚቀጥል ጨዋታ አልነበረም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የ1981ዱ የካንሳስ ሲቲ አደጋ ያስረዳል። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ባለችው በዚህች ከተማ በ1980 በተከፈተ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ በሰፊው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ላይ ከጣራ በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ። በሁለተኛው ፎቅና በአራተኛው ፎቅ የነበሩት ሁለቱ አንዱ ከሌላው በላይ የተሠሩ ነበሩ። ሐምሌ 17 ቀን 1981 ማታ በአዳራሹ የዳንስ ዝግጅት ሳለ ሁለቱም ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቈሰሉ።

ምክንያቱ አንድ መጋጠሚያ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ወጥ ዘንግ ከጣራ ተነሥቶ፣ የአራተኛውን ፎቅ ድልድይ አግዳሚ በስቶ አልፎ፣ የሁለተኛውን ፎቅ ድልድይ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ይህ እንዲሆን ረጅሙ ዘንግ ብዙ ክፍሉ ጥርስ ሊወጣለት ግድ ነበር፤ ለብረት ሠሪው ደግሞ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ስለዚህ ዘንጉ በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከጣራ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ አግዳሚ ወደ ሁለተኛው። በሥዕል ላይ ለውጡ ጥቂት ሣንቲሜትር ነው። በኀይል አንጻር ግን ሌላ ሥራ ነው። ነገሩን ለመረዳት በደብረ ዳሞ ጠፍር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎችን ማሰብ ይበቃል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ጠፍሩን ራሳቸው ከያዙ፣ የላይኛው ሰው እጆች የሚሸከሙት የራሱን ክብደት ብቻ ነው። የታችኛው ጠፍሩን ለቅቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን ጠፍሩ ያው ጠፍር ሆኖ ሳለ፣ የላይኛው ሰው እጆች የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማሉ። በአራተኛው ፎቅ አግዳሚ ሥር ያለችው ብሎን የደረሰባት ይህ ነው፤ ጭነቷ እጥፍ ሆነ።

የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ ሌላም ነገር ተገኘ። በመጀመሪያ የታሰበው መጋጠሚያ እንኳ መሸከም የሚችለው የከተማው የሕንፃ ደንብ ከሚጠይቀው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱን በብረት ሠሪው ለውጥ ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይሆንም። የተለወጠው የመጋጠሚያ ሥዕል ለመሐንዲሶቹ ቀርቧል፤ የመሐንዲሱም ማኅተም ዐርፎበታል። ሣጥኑ ባዶ አልነበረም። የጐደለው የአንድ መጋጠሚያ ስሌት ነበር፤ ለትምህርት ቤት ተማሪ የሚሰጥ፣ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ስሌት። ነዳፊው ብረት ሠሪው ያሰላዋል ብሎ፣ ብረት ሠሪው መሐንዲሱ አስልቶታል ብሎ፣ ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ሁለቱ ስንጣቂ በትሮች አልተገጠሙም።

ሥራው የተካሄደው ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው በሚጀመርበት፣ በፈረንጆቹ ዘንድ ፈጣን መንገድ በሚባለው ዘዴ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ይህን ቢያዩ ወረራ ይሉት ነበር፤ ሁሉም ተራ ሳይጠብቅ ያንቀሳቅሳል። ልዩነቱ፣ በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጦር ሲማረክ ቆመው ገበታውን እንደሚያዩ ያውቃሉ። ችኵል ሥራ በራሱ ነውር አይደለም፤ አገር በችኰላ መሠራት ያለበት ጊዜ አለ። ችኰላው መቼ እንደሚገታ፣ የሚገታውስ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሳይወሰን ሲቀር ግን ሦስተኛው ሣጥን ጌጥ ይሆናል። ወጣቱ መርማሪ ስሕተት አግኝቶ ሥዕሉን ሲመልስ «ሥራ አስተጓጐለ» ተብሎ በሚወቀስበት ቢሮ፣ ምላሷ ተከፍታ የዛገችው ቫልቭ ናት ያለችው። እንዲህ ባለው ቢሮ ፊርማው በቀን ሃምሳ ጊዜ ይፈረማል፤ በወር አንድ ሥዕል እንኳ አይመለስም።

በአማርኛ ለዚህ ሣጥን «የመረመረው» ከሚለው የተሻለ ቃል ይገኝለት እንደ ሆነ የማኅበሩ የቃላት ጉዳይ የሚመለከታቸው አባሎች ሊነጋገሩበት ይችላሉ። «የተቆጣጠረው» የሚለው የሁለተኛውን ሰው ቈጠራ ያስታውሳል። «የገታው» ቢባል ግን ሣቅ ያስነሣ ይሆናል፤ በትክክለኛነቱ ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት እርሱ ነው።

በካንሳስ ሲቲው አደጋ ኃላፊ የሆኑት ሁለት መሐንዲሶች በሚዙሪ ግዛት የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። ከሁለቱ አንዱ፣ የድርጅቱ ባለቤትና የማኅተሙ ባለቤት የነበረው፣ ከዚያ በኋላ በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ እየተጋበዘ ስለዚያች አንዲት መጋጠሚያ፣ ማን ማስላት እንደ ነበረበትና ለምን እንዳልተሰላች ለሙያ ባልደረቦቹ ሲናገር ኖሯል።